ዓይኑን ገልጧል፤ ያውቀናል ወይ?

የጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ ቆሞ ሐኪም የሚጠብቅ ቤተሰብ «ንቃተ ህሊና ምንድን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። «ዓይኑን እኮ ገልጧል፤ ታዲያ ያውቀናል?» ነው የሚለው። ፈላስፎች የሌላ ሰው አእምሮ ጥያቄ እያሉ ሲያገላብጡት የኖሩት ነገር ይኸው ነው። እኔ እንደማውቅ አውቃለሁ፤ አንተ እንደምታውቅ ግን በምን አውቃለሁ? በጤናማ ሰው ፊት ሲነሣ የክፍል ውስጥ ጨዋታ ይመስላል። ጣሪያውን እያየ የተኛ ሰው አልጋ አጠገብ ግን መልሱ በሕመም ማስታገሻ፣ በፊዚዮቴራፒ፣ «እንቀጥል ወይስ እናቁም» በሚል ውሳኔ ይመነዘራል።

አማርኛችን እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለው። ሰው ሲወድቅ «ራሱን ሳተ»፣ ሲብስበት «ነፍሱን አያውቅም» እንላለን፤ ሁለቱም የጠፋው ማወቅ መሆኑን በትክክል ይናገራሉ። «ነቃ» ስንል ግን ከእንቅልፍ መነሣትንም ልብ ማለትንም በአንድ ቃል እንጠቀልላለን። «ንቃተ ህሊና» የሚለው የመጻሕፍት ቃል ደግሞ ሁለቱን አጣብቆ አንድ አደረጋቸው። ሕክምናው የሚለካቸው ለየብቻ ነው፤ ንቃት ሌላ፣ ማወቅ ሌላ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ንቃት» ስል ዓይን መግለጥንና የእንቅልፍና የመነሣት ዑደትን ብቻ ነው። «ማወቅ» ስል ደግሞ ለዚያ ሰው ከውስጥ አንድ ነገር መኖሩን ነው፤ ድምፅ መስማቱን፣ ሕመም መሰማቱን፣ «እኔ» ማለቱን።

ንቃት በአብዛኛው የአንጎል ግንድ ሥራ ነው። ተመራማሪዎቹ ሞሩዚና ማጉን በ1949 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የተኛች ድመት የአንጎል ግንድ ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሲለቁ የአንጎሏ ሞገድ ወደ ነቃ እንስሳ ሞገድ ተለወጠ። ከግንዱ ተነሥቶ በታላመስ (በአንጎል መሐል ባለው የመልእክት ማስተላለፊያ) በኩል ወደ ላይ የሚሄደው መረብ የቤቱ ቆጣሪ በሉት። ቆጣሪው መብራት ስላስገባ ግን ክፍሎቹ ውስጥ አምፖል አለ ማለት አይደለም። ማወቅ ታላመስንና የአንጎልን ቅርፊት፣ ከሁሉም በላይ በመካከላቸው ያለውን ምልልስ ይፈልጋል። ልብ ለረጅም ደቂቃ ሲቆም መጀመሪያ የሚሞቱት ኦክስጅን አብዝተው የሚበሉት የቅርፊቱና የታላመስ ሴሎች ናቸው፤ ግንዱ ይበልጥ ይቋቋማል። በሽተኛው ከሳምንታት በኋላ ዓይኑን የሚገልጠው፣ የሚያዛጋው፣ ጥርሱን የሚያፋጨው ለዚህ ነው። ቤተሰቡ «ነቃ!» ብሎ እልል ይላል። ሐኪሙ ዝም ይላል።

የዝምታው ስም ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። ኮማ ውስጥ ዓይን አይገለጥም፤ ከጥቂት ሳምንት በላይ የሚቆየውም አልፎ አልፎ ነው። ዓይን ተገልጦ ምንም የማወቅ ምልክት የሌለበትን ሁኔታ ጄኔትና ፕለም በ1972 «ቬጀቴቲቭ» አሉት። ወደ አማርኛ «አትክልት» ብለው የሚመልሱት አሉ፤ ስድብ ይመስላል፣ ስሕተትም ነው። በ2010 የቀረበው አዲሱ ስም «ምላሽ አልባ ንቃት» ተብሎ ቢተረጎም ይሻላል፤ የታየውን ይናገራል፣ ስላልታየው ዝም ይላል። በ2002 ደግሞ መካከለኛ ደረጃ ተለይቶ ወጣ፤ «አነስተኛ የማወቅ ሁኔታ»። ምልክቱ ቢቆራረጥም አለ፦ ዛሬ በዓይኑ ይከተላል፣ ነገ አይከተልም፣ ከነገ ወዲያ «ላይ እይ» ሲሉት ያያል። ከዚህ ሁሉ ውጭ፣ በ1966 ስም ያገኘው የ«ተቆለፈ ሰው» ሁኔታ አለ። የአንጎል ግንድ የፊት ክፍል ሲጎዳ እጅ፣ እግርና ምላስ ይታሰራሉ፤ ዓይንን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስና መጥቀስ ይቀራል፤ ማወቁ ግን ሙሉ ነው። ከአልጋው ራስጌ ለቆመ ሰው እነዚህ ሁሉ ተመሳሳይ ሊመስሉ ይችላሉ።

በ2009 የታተመ አንድ ጥናት ይህን በቁጥር አሳየ። የሕክምና ቡድኑ ተመካክሮ «ምንም አያውቁም» ያላቸው 44 በሽተኞች በሥርዓት በተዘጋጀ የአልጋ ዳር ፈተና እንደገና ሲታዩ 18ቱ የማወቅ ምልክት ነበራቸው፤ 41 በመቶ ማለት ነው። ፈተናው በ2004 ተሻሽሎ የወጣው የኮማ ማገገሚያ መለኪያ ነው። 6 ክፍሎችና 23 ነጥቦች አሉት፤ መስማት፣ ማየት፣ መንቀሳቀስ፣ አፍና ንግግር፣ መግባባት፣ ንቃት። ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ማሽን አይፈልግም። ለእኔ የዚህ ሁሉ ታሪክ ትልቁ ትምህርት ያለው ከስካነሩ ይልቅ እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

መስተዋቱን እንይ። በዓይን መከተል ከማገገም ምልክቶች መጀመሪያ ከሚታዩት አንዱ ነው። ብዙ ሰው የሚፈትነው በጣቱ፣ በእስክሪብቶ ወይም በስልክ መብራት ነው። በ2008 የታተመ ንጽጽር እንዳሳየው መስተዋት ከዕቃም ከሚንቀሳቀስ ሰውም ይበልጣል፤ በመስተዋት የተከተሉ በሽተኞች በሌላው ሲፈተኑ «አይከተልም» ተብለው የሚያልፉ ነበሩ። የገዛ ፊት ዓይን ይጎትታል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የእጅ መስተዋት ከፊቱ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ይያዛል፤ በሽተኛው ራሱን ማየት የሚችልበት ማዕዘን መሆኑን ከጎኑ ዝቅ ብሎ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከዚያ በቀስታ 45 ዲግሪ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ይንቀሳቀሳል፤ በአግድምም በቀጥታም ሁለት ሁለት ጊዜ። ዓይኑ ሳይለቅ 45 ዲግሪውን ሁለት ጊዜ ከተከተለ አለፈ። ካልተከተለ አንድ ዓይን ሸፍኖ መድገም ነው፤ ከአደጋ በኋላ ሁለቱ ዓይኖች አንድ ቦታ ስለማያዩ ምስሉ የሚደራረብበት ሰው አለ። የተለመደው ስሕተት መፍጠን ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ከጀርባ መስኮት መኖሩ፤ በሽተኛው ብርሃኑን እያየ «ተከተለ» ይባላል።

ትእዛዝ ሲሰጥ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ትእዛዝ ሁሉም ሰው የሚሰጠው ነው፦ «እጄን ጨብጠኝ»። መዳፍ ሲነካ ጣት መታጠፉ በአራስ ልጅ ላይ የምናየው ሪፍሌክስ ነው፤ የፊተኛው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ ይመለሳል። እናት እጇን ሰጥታ «ጨበጠኝ» ስትል እውነቷን ነው፤ ጨብጧታል። ግን ያ ለብቻው ስለማወቁ አይናገርም። «ልቀቀኝ» ሲባል ከለቀቀ ነው ነገር ያለው። «አውራ ጣትህን አንሣ» ወይም «ወደ ላይ እይ» ይሻላል።

ከትእዛዙ በፊት አንድ ደቂቃ ምንም ሳይሉ መመልከት ያስፈልጋል። በዚያች ደቂቃ አውራ ጣቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ከተንቀሳቀሰ፣ አውራ ጣት ለዛሬ ፈተና አይሆንም። ከዚያ አንዱ ትእዛዝ አራት ጊዜ ይሰጣል፤ ከእያንዳንዱ በኋላ 10 ሰከንድ ይጠበቃል። አሥር ሰከንድ ረጅም ናት፤ የቸኮለ ሰው በሦስተኛው ሰከንድ ይደግማል፣ የዘገየውን ምላሽም በሁለተኛው ትእዛዝ ይሸፍነዋል። ከአራቱ ሦስቱ ከተሳኩ ምልክቱ ተይዟል። እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ከፊት ጀምሮ እስከ እግር ጣት ጡንቻውን እየጫኑ ማንቃትና እንደገና መጀመር ነው።

ፈተናውን የሚያበላሹት ነገሮች ተራ ናቸው። ማደንዣና የማረጋጊያ መድኃኒት ገና ከደሙ አልወጣም። ጆሮው በአደጋው ተጎድቷል። ንግግር የሚረዳበት የአንጎል ክፍል ስለተመታ ቃሉ አይገባውም እንጂ ያውቃል። ትኩሳት አለው። በውጭ የማይታይ የሚጥል በሽታ ሞገድ በአንጎሉ ውስጥ እየሄደ ነው። አሁን ደግሞ ስለ ቋንቋ። በዋሽንግተን አካባቢ ወይም በቴልአቪቭ የተኛ አማርኛ ተናጋሪ ሽማግሌ በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ ታዝዞ «አልመለሰም» ተብሎ ሊጻፍበት ይችላል። አገር ቤትም ያው ነው፤ ከኦሮሚያ ወይም ከሲዳማ ገጠር የመጣ በሽተኛ አዲስ አበባ ውስጥ በአማርኛ ይታዘዛል። አስተርጓሚ ስለመጣም ነገሩ አላለቀም። ዕድሜ ልካቸውን «አባባ» ሲባሉ የኖሩ ሰው «ጣትህን አንሣ» ሲሏቸው ለእሳቸው መሆኑ ላይገባቸው ይችላል። «አባባ፣ እስቲ ወደ ላይ ይመልከቱ» በልጃቸው ድምፅ ሲባል ሌላ ነገር ነው። በስም መጥራት፣ የሚያውቁት ድምፅ፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋ፤ እነዚህን ለስሜት ብዬ የማነሣቸው እንዳይመስላችሁ፤ የመለኪያው ትክክለኛነት አካል ናቸው።

ደግሞ አንድ ቀን አይበቃም። በ2017 የታተመ ጥናት በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢያንስ 5 ጊዜ መፈተን እንደሚያስፈልግ አሳየ፤ ማወቁ ስለሚመጣና ስለሚሄድ። «ሰኞ ዕለት ታይቷል» የሚል መዝገብ ስለ ሰኞ ይናገራል።

ታዲያ ይህ ሁሉ በሥርዓት ተሠርቶም ምንም ካልተገኘስ? እስከ 2006 ድረስ መልሱ «እንግዲህ የለም» ነበር። በዚያ ዓመት አድሪያን ኦወንና ባልደረቦቹ የአንዲት የ23 ዓመት ወጣት ጉዳይ በ«ሳይንስ» መጽሔት አወጡ። በመኪና አደጋ ከተጎዳች አምስት ወር ሆኗታል፤ የአልጋ ዳር ፈተናው ምንም አላገኘባትም። በኤፍኤምአርአይ (እየሠራ ያለውን የአንጎል ክፍል በሚያሳይ ስካነር) ውስጥ አስተኝተው ሁለት ነገር ጠየቋት። አንደኛው፣ ቴኒስ ስትጫወቺ አስቢ። ሁለተኛው፣ ከቤትሽ በር ጀምረሽ ክፍል ለክፍል ስትዘዋወሪ አስቢ። 30 ሰከንድ ማሰብ፣ 30 ሰከንድ ማረፍ፣ እንደገና። ቴኒስ ሲባል እንቅስቃሴን የሚያቅደው የቅርፊቱ የላይኛው መካከለኛ ክፍል በራ፤ ቤት ሲባል ቦታን የሚያስታውሰው ከሂፖካምፐስ (ከትውስታ ማዕከሉ) አጠገብ ያለው ክፍል ተነሣ። ከጤናማ ሰዎች የሚለይ ነገር አልነበረውም።

ወዲያው የተነሣው ተቃውሞ ጥሩ ነበር፤ «ቴኒስ» የሚለው ቃል ራሱ ያለ ማወቅ አንጎልን ቢያስነሣስ? ቃል በራሱ የሚያስነሣው ሞገድ ግን በሰከንዶች ውስጥ ይከስማል፤ እዚህ የታየው 30 ሰከንድ ሙሉ ቆይቶ «እረፊ» ሲባል የሚቆም ነው። ክርክሩን ይበልጥ ያጠበበው የ2010 ሥራ ነው። 54 በሽተኞች ተፈተኑ፤ 5ቱ በፈቃዳቸው አንጎላቸውን አስነሡ። ከእነሱ አንዱ «አዎ ለማለት ቴኒስ፣ አይ ለማለት ቤትህን አስብ» ተብሎ ስድስት የግል ጥያቄ ሲቀርብለት አምስቱን በትክክል መለሰ። በስድስተኛው ምንም አልታየም፤ ተሳሳተ ማለት አይደለም።

ቴኒስ ለምን? እጅን ከትከሻ የሚያወዛውዝ፣ ለማሰብ ቀላል፣ ምልክቱ ጠንካራ ስለሆነ ነው። ራኬት ይዞ ለማያውቅ ሰው ግን ባዶ ቃል ነው። ለእኛ ሰው በሙቀጫ ቡና መውቀጥ የተሻለ ይመስለኛል፤ ዘነዘናውን ማንሣትና መጣል፣ ምቱ ቋሚ፣ ክንድ ሙሉ የሚሠራበት። ለቤቱም ከግቢ በር ተነሥቶ በሳሎን በኩል እስከ ጓዳ። ነገር ግን በራስ ሥልጣን ቀይሮ በሽተኛ ላይ መሞከር አይሆንም፤ አዲሱ ሥራ መጀመሪያ በጤናማ ሰዎች ላይ ተሞክሮ የትኛው የአንጎል ክፍል እንደሚነሣ መታወቅ አለበት። ያለዚያ ያልታየው ነገር የበሽተኛው ይሁን የጥያቄው መለየት አይቻልም።

ከስካነር ወደ ኢኢጂ (የአንጎልን ሞገድ በራስ ላይ በሚለጠፉ ነጥቦች ወደሚቀዳው መሣሪያ) የተደረገው ሽግግር ለአልጋ ዳር ሥራ ይበልጥ ጠቃሚ ነው። በ2019 የታተመው የክላሰንና የባልደረቦቹ ጥናት ገና በጽኑ ሕሙማን ክፍል ያሉ 104 ሰዎችን ወሰደ። «ቀኝ እጅህን ክፈት፣ ዝጋ»፣ ከዚያ «አቁም» ይባላሉ፤ እጁ አይንቀሳቀስም፤ ኮምፒዩተሩ በሁለቱ ትእዛዞች መካከል የሞገዱን ልዩነት ይፈልጋል። በ16ቱ ተገኘ፤ 15 በመቶ። ከዓመት በኋላ ከእነዚህ 44 በመቶዎቹ በቀን ቢያንስ 8 ሰዓት ያለ ረዳት መቆየት ቻሉ፤ ምልክቱ ካልተገኘባቸው ግን 14 በመቶ ብቻ። በ2024 በብዙ ማዕከላት የተሠራ ትልቅ ሥራ ደግሞ በአልጋ ዳር ትእዛዝ መፈጸም ካልቻሉ 241 ሰዎች 60ው፣ ማለትም ከአራት አንዱ፣ በኤፍኤምአርአይ ወይም በኢኢጂ ትእዛዝ እየተከተሉ መሆናቸውን አገኘ።

ዜናው ሁሉ «ከአራት አንዱ» አለ። እኔ ይበልጥ የሚያሳስበኝ በዚያው ጥናት ያለው ሌላው ቁጥር ነው። በአልጋ ዳር ትእዛዝ መፈጸም የሚችሉ፣ ማወቃቸው ያልተጠረጠረ 112 ሰዎችም በማሽኑ ተፈትነው ነበር። ማሽኑ ያገኘው በ43ቱ ብቻ ነው። የቀሩት 62 በመቶ እያወቁ አልታዩም። ደክሟቸው፣ ትኩረታቸው ተቆርጦ፣ ራሳቸውን አንቀሳቅሰው፣ ወይም 30 ሰከንድ በአንድ ሐሳብ መቆየት ከብዷቸው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማሽኑ «አለ» ሲል ጥሩ ማስረጃ ነው፤ «አላገኘሁም» ሲል ግን «የለም» ብሎ የሚጽፍ ሐኪም ተሳስቷል።

ፍልስፍናው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። እስካሁን ያየናቸው ፈተናዎች ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ ሰምተህ፣ ተረድተህ፣ አስታውሰህ፣ ፈቅደህ፣ አድርግ። ፈላስፋው ኔድ ብሎክ በ1995 ሁለት ነገሮችን ለይቷል። አንደኛው ለንግግር፣ ለማሰብና ለተግባር ዝግጁ የሆነ ማወቅ፤ ሁለተኛው መሰማቱ ራሱ፣ የሕመሙ ማመም፣ የቡናው መሽተት። ትእዛዝ የሚለካው የመጀመሪያውን ነው። ትእዛዝ የማይገባው ግን ሕመም የሚሰማው ሰው ሊኖር ይችላል? አራስ ልጅ ትእዛዝ አይፈጽምም፤ አያመውም የሚል ሰው ግን ዛሬ አናገኝም። ሌላው ፈላስፋ ዴቪድ ቻልመርስ በዚያው ዓመት «ከባዱ ችግር» ያለው ደግሞ ከዚህ ይብሳል፦ አንጎል መረጃን እንዴት እንደሚያቀናብር ሁሉ ብናውቅ እንኳ፣ ያ ቅንብር ለምን እንደሚሰማ አሁንም አልተነገረም። ይህን የቃላት ጨዋታ ነው የሚሉ አሉ። አልጋው አጠገብ ቆሞ ማስታገሻ የሚያዝ ሰው ግን ሳያውቀው መልስ ሰጥቶበታል።

ከበሽተኛው ምንም ሳይጠይቅ ለመለካት የሞከረው የጣሊያኑ የማሲሚኒ ቡድን ነው፤ በ2013 ይፋ ሆነ። ሐሳቡ የመጣው የተቀናጀ መረጃ ከሚባለው የጁሊዮ ቶኖኒ ንድፈ ሐሳብ (2004) ነው፤ ማወቅ ማለት ክፍሎቹ የተለያዩ ሆነው ግን አንድ ላይ የታሰሩ ሥርዓት ነው የሚል። በመግነጢስ መጠምጠሚያ ከራስ ቅል ውጭ አንጎልን አንኳኩ፣ ማሚቶውን በ60 ገደማ የኢኢጂ ነጥብ ስሙ። በከባድ እንቅልፍ ወይም ፕሮፖፎል በሚባለው ማደንዣ ማሚቶው ወይ እዚያው ይሞታል ወይ እንደ አንድ ደወል ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ይጮኻል። በነቃ ሰው፣ በሚያልምም ሰው፣ ከቦታ ቦታ መልኩን እየለወጠ ይዞራል። የተቀዳውን ልክ ኮምፒዩተር ፋይል እንደሚያሳንሰው አሳንሱት፤ አልታመቅ ያለ መጠን ቁጥሩ ከፍ ይላል። 150 ሰዎች ላይ ተሞክሮ መለያው 0.31 ሆነ። በ2016 በታተመው ሥራ በአልጋ ዳር አነስተኛ ማወቅ ካላቸው 38 ሰዎች 36ቱ ከዚያ በላይ ወጡ። «ምላሽ አልባ» ከተባሉት 43 ደግሞ 9ኙ።

ይህም የሚበላሽበት መንገድ አለው። መጠምጠሚያው ሲተኩስ «ቀጭ» ይላል፤ ጆሮ የሰማው ድምፅ በራሱ ሞገድ ስለሚያስነሣ በጆሮ ማዳመጫ የሚሸፍን ጩኸት መልቀቅ ያስፈልጋል። የሞተ የቅርፊት ክፍል ላይ ከተኮሱ ምንም አይመለስም፤ ይህም ስለ ጉዳቱ ቦታ እንጂ ስለ ሰውየው አይናገርም፤ ለዚህ ነው አስቀድሞ ኤምአርአይ አይቶ ጤነኛ ቦታ መምረጥና ከብዙ ቦታ ከተገኘው ከፍተኛውን ቁጥር መያዝ የሚገባው። ከጆሮ ግንድ አጠገብ ከተኮሱ ጡንቻ ይነዝርና መስመሩን ያጥለቀልቀዋል። አንድ ምት ደግሞ አይበቃም፤ 200 ገደማ ምት አማካኝ ይወሰዳል።

መለኪያው ጥሩ ስለሠራ ንድፈ ሐሳቡ እውነት ነው ማለት አይደለም፤ ይህ መምታታት በብዙ ጽሑፍ ውስጥ አለ። ተፎካካሪው የነስታኒስላስ ዴኸን ሐሳብ ማወቅ መረጃ በመላው አንጎል ሲሠራጭ ነው ይላል፤ የፊተኛው ክፍል ዋና ተሳታፊ ሆኖ። ሁለቱ ወገኖች አስቀድመው ትንበያቸውን ጽፈው በጋራ ያሠሩት ፈተና በ2025 «ኔቸር» ላይ ወጣ፤ 256 ተሳታፊዎች። ቶኖኒ የጠበቀው በኋለኛው ቅርፊት ውስጥ የሚቆይ መናበብ እንደተባለው አልተገኘም፤ እነ ዴኸን የጠበቁት ለተሳታፊዎቹ የሚታየው ሥዕል ሲጠፋ የሚመጣ ሁለተኛ ብልጭታም አልመጣም። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ2023፣ የአንጎል ተመራማሪው ክሪስቶፍ ኮኽ «በ25 ዓመት ውስጥ የማወቅን የአንጎል አሻራ እናገኛለን» ብሎ በ1998 ያስያዘውን ውርርድ ተሸንፎ ለቻልመርስ ወይን ከፍሏል። ለኔ ይህ ውድቀት አይደለም። ቀድሞ የተጻፈ ትንበያ ሊወድቅ የሚችልበት ደረጃ ላይ መድረስ ለዚህ ጥያቄ አዲስ ነገር ነው።

ወደ አልጋው እንመለስ፤ ማሽን ለሌለበት ቤት የሚሆን አንድ ነገር አለኝ። ዓይኑን በፈቃዱ ወደ ላይ የሚያነሣ ሰው ከተገኘ ማነጋገር ይቻላል። «አዎ» ወደ ላይ ማየት ይሁን፣ «አይ» ወደ ታች። ጥቅሻ ብቻውን አይሁን፤ ሰው ሳይፈልግም ይጠቅሳል። መጀመሪያ መልሱ የታወቀ ስድስት ጥያቄ ይቅረብ፤ ጆሮህን እየነካህ «ጆሮዬን እየነካሁ ነው?»፣ ሳታጨበጭብ «እያጨበጨብኩ ነው?»። በዕድል ብቻ ስድስቱንም የመመለስ ዕድል ከ64 አንድ ነው፤ አምስትና ከዚያ በላይ ግን 11 በመቶ ይደርሳል፤ ስለዚህ ስድስቱም፣ ደግሞ ሁለት ጊዜ።

ከዚያ ፊደል ነው። ፈረንሳዊው ዣን-ዶሚኒክ ቦቢ በ1995 በስትሮክ ተመትቶ ተቆልፎ ከቀረ በኋላ በግራ ዓይኑ ጥቅሻ መጽሐፍ ያስጻፈው፣ ፊደላቱ በድግግሞሻቸው ተደርድረው እየተነበቡለት ነው። እነሱ 26 ፊደል አላቸው። እኛ 33 ተባዝቶ በ7፣ 231፤ አንድ በአንድ ከተነበበ በሽተኛው «ሰ» ላይ ሳይደርስ ይተኛል። ገበታው ግን ራሱ መፍትሔ አለው። በድምፅ የሚደገሙትን ሐ፣ ሠ፣ ኀ፣ ዐ፣ ፀን አውጡ፤ 28 ይቀራል፣ አራት ጊዜ ሰባት። አንደኛ ረድፍ ሀ ለ መ ረ ሰ ሸ ቀ፤ ሁለተኛ በ ተ ቸ ነ ኘ አ ከ፤ ሦስተኛ ኸ ወ ዘ ዠ የ ደ ጀ፤ አራተኛ ገ ጠ ጨ ጰ ጸ ፈ ፐ። መጀመሪያ ረድፉን ጠይቁ፣ ቀጥሎ ፊደሉን፣ ቀጥሎ ዘሩን፤ ዘሩን ስትጠይቁ በብዛት ከሚመጣው ከሳድስ ጀምሩ፣ ከዚያ ግዕዝ፣ ራብዕ፣ የቀሩት። ቢበዛ 18 ጥያቄ ለአንድ ፊደል። ማንበብ ለማይችሉ እናት ደግሞ በፊደል ፈንታ የጥያቄ ዛፍ ይሠራል፤ «አካልዎን ነው? ሰው ፈልገው ነው?» ከዚያ ወደ ውስጥ።

«ውሃ»ን እንሞክር። አንደኛ ረድፍ? ዝም። ሁለተኛ? ዝም። ሦስተኛ? ዓይን ወደ ላይ። ኸ? ዝም። ወ? ወደ ላይ። ሳድስ? ወደ ላይ። «ው»፣ ስድስት ጥያቄ። አንደኛ ረድፍ? ወደ ላይ። ሀ? ወደ ላይ። ሳድስ? ዝም። ግዕዝ? ዝም። ራብዕ? ወደ ላይ። «ሃ»፣ አምስት። በድምሩ 11 ጥያቄ፤ ለእያንዳንዱ እስከ 10 ሰከንድ ብትጠብቁ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። «ው» ላይ ሲደርስ «ውሃ ጠማህ አይደል!» ብሎ ብርጭቆ ፍለጋ መሮጥ የዘመድ ሁሉ ጠባይ ነው። መገመት ይቻላል፤ ግን ግምቱ እንደ ጥያቄ ይቅረብና የዓይኑ መልስ ይጠበቅ፤ «ውጡ» ሊልም ይችላልና።